ቁልፍ ያዥ ወይስ መምህር?

በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ወሬያችን ያው ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ነገር፣ የአገር ቤት ጉዳይ፣ ከዚያም «አንተ ግን ለምን ወደ ሙያህ አትመለስም?» የሚለው ጥያቄ። ይህ ጥያቄ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይከብዳል። በደሴ ለአሥራ አንድ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነበርሁ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ታክሲ እነዳለሁ። በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ መጠበቂያ ቦታ ጓደኞቼ ዛሬም «ቲቸር» ነው የሚሉኝ።

እንግዲህ ነርስነቱን፣ ኮምፒዩተሩን፣ የጭነት መኪናውን መንገድ የሚያውቅ በየቤቱ አለ። እኔ የማጫውታችሁ እምብዛም ስለማናነሣው ሙያ ነው፤ የትምህርት ቤት ላይብረሪያን ስለመሆን። ይህን ሳነሣ አንድ ወዳጄ ከት ብሎ ሳቀና «መጽሐፍ ለመጠበቅም ዲግሪ ያስፈልጋል?» አለኝ።

አልፈርድበትም። እኔ በማውቃቸው የአገር ቤት ትምህርት ቤቶች መጻሕፍቱ ከባንኮኒ በስተጀርባ ነበሩ። ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ፣ የመጽሐፉን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ ጠባቂው ከውስጥ ያመጣለታል፤ ተማሪው እዚያው ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። መደርደሪያውን በእጁ እየነካ መምረጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ድምፁ የተዘጋ ወይም ከርእሰ መምህሩ ጋር ያልተስማማ መምህርም አንዳንዴ ወደዚያው ይመደብ ነበር። ከመጽሐፍ የጠፋ እንደሆነ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው ቁልፉን አጥብቆ ቢይዝ ምን ይገርማል?

እዚህ ግን ሥራው ሌላ ነው። ኮሎራዶ ለዚህ ሙያ የምትሰጠው ስም «መምህር ላይብረሪያን» የሚል ነው። መጽሐፍ መርጦ መግዛት፣ ያረጀውን ማስወገድ፣ መመዝገብና መደርደር አንዱ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ማስተማር ነው፤ ልጁ ምንጭን ከምንጭ እንዲለይ፣ ያነበበውን እንዲጠራጠር፣ የሰውን ጽሑፍ የራሱ አድርጎ እንዳያቀርብ። እኔ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ዓድዋ ሁለት የሚቃረኑ ምንጮችን ለተማሪ ሰጥቼ «የቱን ታምናለህ? ለምን?» ስል የነበረው ይኸው ሥራ ነው፤ ስሙን አላውቀውም ነበር እንጂ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1993 የኮሎራዶ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በሰውም በመጽሐፍም የተሟላ ላይብረሪ ያላቸው ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸው የንባብ ውጤት የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል፤ የአካባቢው ድህነትና የወላጆች ትምህርት ተመዝኖ እንኳ። ጥናቱ በሌሎች ስቴቶችም ተከታይ አግኝቷል። (ይህ ሁሉ ሆኖ በጀት ሲጠብብ ቀድሞ የሚነካው ላይብረሪያኑ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ትምህርት ቤቶች በረዳት ብቻ ይሠራሉ። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደላላ እሆናለሁ።)

ወደ መስፈርቱ ልግባ። መጀመሪያ የባችለር ዲግሪ ያስፈልጋል። ዲግሪው ከውጭ አገር ከሆነ ደግሞ የስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት የሚቀበለው ገምጋሚ ድርጅት መርምሮ ከአሜሪካ ዲግሪ ጋር እኩል ነው ማለት አለበት። ይህ ለእኛ ከባዱ ደረጃ ነው። የተማርሁበት ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቴን በታሸገ ፖስታ እንዲልክልኝ ታናሽ እህቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች፤ አንድ ጊዜ ማኅተም የለም፣ አንድ ጊዜ ፈራሚው የለም፣ አንድ ጊዜ መብራት የለም። ቀጥሎ የጣት አሻራ ሰጥቶ የወንጀል ምርመራ ማለፍ አለ። ከዚያ ዋናው ይመጣል፤ ስቴቱ ያጸደቀው የመምህር ላይብረሪያን ሥልጠና ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ዴንቨር ይህን ትምህርት በአብዛኛው በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ሌሊት ለሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲም የላይብረሪና የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ማስተርስ አለው። ሁለቱ ስማቸው ቢመሳሰልም የተለያዩ ተቋማት ናቸውና ማመልከቻ ስታስገቡ አስተውሉ፤ የሁለተኛው የግል ስለሆነ ክፍያውም ይለያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በከተማ ላይብረሪ ለመሥራት የሚፈለገው የአሜሪካ ላይብረሪ ማኅበር እውቅና የሰጠው ማስተርስ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን የሚቈጠረው የስቴቱ ላይሰንስ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት «ይህ ትምህርት ለኮሎራዶ የትምህርት ቤት ላይሰንስ ያበቃኛል?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለቸኮለ ሰው ትንሽ በር አለች፤ የላይብረሪ ረዳትነት። ለዚህ ላይሰንስ አይጠየቅም። ለድሀ ተማሪዎች በሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ በሚሠሩ ትምህርት ቤቶች እንኳ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ወይም ፈተና ይበቃል። ክፍያው በሰዓት ነው፤ ከታክሲ ገቢ ጋር ባታወዳድሩት ይሻላል። ነገር ግን ከውስጥ ሆኖ ሥራውን ማየት ያስችላል።

ይህች በር ለኔ የተከፈተችው ሊትልተን ነው። ከተማዋን በደንበኛ ምክንያት አውቃታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1917 በካርኔጊ ገንዘብ የተሠራው አሮጌው ላይብረሪዋ ኋላ ምግብ ቤት ሆኗል፤ ቢሚስ የሚባለው የከተማው ላይብረሪ ግን ደንበኛ ስጠብቅ የማነብበት ቦታ ነው። በአካባቢው ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የላይብረሪ ረዳት እንደሚፈለግ ሰማሁና ለባለቤቴ ነገርኋት። ሊትልተን የሚለውን ስም ስትሰማ ዝም አለች።

ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 1999 በኮለምባይን ሃይ ስኩል በዚያች ዕለት ከተገደሉት 12 ተማሪዎች 10ሩ የሞቱት ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ አንድ መምህርም ተገድሏል። ትምህርት ቤቱ በፖስታ አድራሻ ሊትልተን ይባል እንጂ ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ ጄፈርሰን ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ለእናት ግን ይህ ምን ልዩነት አለው? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ደግሞ በሊትልተን ትምህርት ቤቶች ሥር ባለው በአራፓሆ ሃይ ስኩል መሣሪያ ይዞ የገባው ተማሪ ይፈልግ የነበረው የትምህርት ቤቱን ላይብረሪያን ነበር። ላይብረሪያኑ ተረፈ፤ አንዲት ተማሪ ሞተች።

«ከዚህ ሁሉ ሥራ እዚያ ልትገባ ነው?» አለችኝ ባለቤቴ። «ሌሊት ከኋላዬ የማላውቀውን ሰው ጭኜ ስሄድስ?» አልኋት። «እሱንም አልወደድሁልህ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ለሷ የሚሆን መልስ እስከ ዛሬ የለኝም። ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነግሬያታለሁ፤ የኮለምባይን ሰዎች ያንን ክፍል አፈረሱት፤ ላይብረሪ ግን አይኑረን አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2001 በስጦታ ገንዘብ አዲስ ላይብረሪ ሠርተው ከፈቱ።

ይህን መንገድ ከኛ ወገን የሄደበት ሰው ደግሞ አለ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በስደት ወደ አሜሪካ መጥተው፣ የላይብረሪ ሙያ ተምረው፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ላይብረሪ የልጆች ላይብረሪያን ሆኑ። ለልጆቻችን የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ላይ ቢያጡ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ኋላም አገር ቤት ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በአዋሳም መጻሕፍት የጫነ የአህያ ጋሪ በየመንደሩ አዞሩ። ልጆች መደርደሪያውን በእጃቸው የሚነኩበት ቤት ማለት ነው፤ ያ እኛ ያላየነው።

ማመልከቻውን ባለፈው ሰኞ አስገባሁ። ባለቤቴ አሁንም አልወደደችውም፤ ይሁን እንጂ አሻራ የምሰጥበትን ቀን ከግድግዳው ካሌንደር ላይ የጻፈችው እርሷ ናት። ከመካከላችሁ የውጭ ዲግሪውን አስገምግሞ የጨረሰ ካለ በስንት ጊዜ እንደደረሰለት በዚሁ መጽሔት በኩል ቢያስታውቀኝ ውለታ ነው። የኔው ፖስታ ገና መንገድ ላይ ነው።