የቤተ ሰብን ጽሑፍ በገዛ ቤት ስለ መለወጥ

የአገራችን ሰው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጽሑፍ የሚወረሰው ወራሹ ገልጦ ለማንበብ የቻለ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ብራናን የሚገልጠው እጅ ነው። በኮምፒዩተር የተጻፈውን የሚገልጠው ግን ፕሮግራም ስለ ሆነ፥ ፕሮግራሙ ወይም የፊደሉ መልክ የታጣ ጊዜ ጽሑፉ እያለ እንደ ሌለ ይቈጠራል።

ይህንንም በቤታችን አይተነዋል። ነፍሳቸውን ይማርና አባታችን የሕይወታቸውን ታሪክና ለልጆቻቸው የሰጡትን ምክር በ1988 ዓ.ም. በኮምፒዩተር አስጽፈው ትተውልን ነበር። በቤታችን ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ሲከፈት ደኅና አድርጎ ይነበባል። በባሕር ማዶ ላሉት የልጅ ልጆቻቸው በላክንላቸው ጊዜ ግን የታያቸው የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት የተቀላቀለበት ትርጓሜ የሌለው ነገር ሆነ። ከልጆቹም አንዲቱ «አያቴ የጻፉት በምን ቋንቋ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ጥያቄው ቢያስቅም ያሳዝናል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዓለምን ፊደሎች በየቍጥራቸው የሚመድበው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ለላቲን ፊደል በተመደበው ቍጥር ላይ የእኛን ፊደል መልክ ሥለው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ያ መልክ፥ ማለት ፎንቱ፥ በሌለበት ኮምፒዩተር ሁሉ «ሀ» መሆን የሚገባው የባዕድ ፊደል ሆኖ ይወጣል።

መፍትሔው ጽሑፉን ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ነው። ይህን ዐይነት ሰነድ አዶቢ የተባለው ኩባንያ በዚያው አቈጣጠር በ1993 አወጣው፤ በ2008ም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ጥቅሙም የፊደሉን መልክ በሰነዱ ውስጥ ይዞ ለመሄድ መቻሉ ነው። ለረጅም ዘመን ለሚቀመጥ ጽሑፍ ደግሞ በ2005 ደረጃ የወጣለት ፒዲኤፍ ኤ የሚባለው አለ፤ ይህኛው ፎንቱ በውስጡ እንዲኖር ግድ ይላል።

አንድ ዘመዳችን በኢንተርኔት ላይ በነፃ ከሚለውጡት በአንዱ እንድናስለውጠው መከረን። በጽሑፉ ውስጥ ግን የድርሻ ነገር፥ በእኅትና በወንድም መካከል የነበረ ቅሬታ፥ የኑዛዜም ቃል አለበት። እንዲህ ያለውን ለማናውቀው ሰው ኮምፒዩተር ከመላክ በገዛ ጠረጴዛችን መሥራት ይሻላል ብለን፥ ተንቀሳቃሽ የሆነውን የሊብሬኦፊስ ፕሮግራም በፍላሽ አድርገን አመጣን።

ተንቀሳቃሽ ፕሮግራም ስንቁን በአገልግል ይዞ እንደሚሄድ መንገደኛ ነው። ሌላው ፕሮግራም ሲጫን ዕቃውን በኮምፒዩተሩ ውስጥ በየስፍራው ያኖራል፤ ብዙ ጊዜም የኮምፒዩተሩን አስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ፎልደር ይዞ ከፍላሹ ላይ ይሠራል፤ ኢንተርኔትም ተቋርጦ ሳለ ሥራውን ይፈጽማል። ሆኖም የተከፈተው ሰነድ ስም በኮምፒዩተሩ ሊቀር ስለሚችል፥ ምሥጢር ያለበትን ጽሑፍ በሰው ኮምፒዩተር ላይ መክፈት አይገባም።

የአሠራሩ ሥርዓት አጭር ነው። አስቀድሞ የዋናውን ቅጂ ማዘጋጀት፤ ቀጥሎ አሮጌው ፎንት ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ቅጂውን በፕሮግራሙ መክፈት፤ ከዚያም ወደ ፒዲኤፍ መላኪያውን መርጦ ፒዲኤፍ ኤ በሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ምርመራ ነው። ፕሮግራም ሲለውጥ መስመር ሊያዛንፍ፥ ሠንጠረዥ ሊያፈርስ ይችላልና እኛ ሁለት ሆነን፥ አንዱ ከዋናው እያነበበ ሌላው በአዲሱ እየተከተለ፥ ስሙንና ዘመኑን ሁሉ አመሳከርን። የቀድሞ ሊቃውንት መጽሐፍ ባስገለበጡ ጊዜ ያደርጉት የነበረውም ይኸው ነው።

ፒዲኤፉ ለዓይን ይነበባል እንጂ ከሥሩ ያለው ቍጥር የላቲን ስለ ሆነ በአማርኛ ቃል ቢፈልጉበት አይገኝም። ስለዚህ የልጅ ልጆቹ ገጹን ተካፍለው በዩኒኮድ ፊደል እንደ ገና እየጻፉት ነው። ያች ጠያቂያችንም አያቷ ስለ ትምህርት ቤት ዘመናቸው የተናገሩበትን ክፍል ወስዳ፥ ያልገባትን ቃል በየሳምንቱ በስልክ ትጠይቀናለች።

እንግዲህ በቤቱ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለው ሁሉ አሮጌው ኮምፒዩተር ሳይሞትበት ይነሣ። ፕሮግራሙን ከአዘጋጆቹ ገጽ ብቻ ያውርድ፤ ፍላሽ ትንሽ ነገር ስለ ሆነ በቀላሉ ይጠፋልና ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ስፍራ ያኑር፤ ዋናውንም ከቶ አይጣል። አባቶች ደክመው ያስጻፉትን ለልጆች እንዲነበብ አድርጎ ማስረከብ የመካከለኛው ትውልድ ዕዳ ነው።