ጋፋት ደርሶ መልስ፦ ኪስ ሳይቀደድ፣ ጓደኛ ሳይቀየም

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጥቶ ከቤቱ ርቆ የሄደ ተማሪ ሁለት ነገር ቶሎ ይማራል። አንደኛው ልብሱን በእጁ ማጠብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ምን ያህል ረዥም እንደሆኑ! ዶርም ውስጥ ተጋድሞ ጣሪያ ማየት አንድ ሰሞን ነው፤ ከዚያ በኋላ "ኧረ እስቲ ወጣ ብለን እንምጣ" የሚል ሰው አይጠፋም። ጣጣው የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

ወጣ ማለቱን ሁሉም ይወዳል፤ ስለ ብር ማውራት ግን ነውር ይመስለዋል። አንዱ "ብር ችግር የለውም፣ እንደርስበታለን" ይላል። እሱ ከቤት በየወሩ የሚላክለት ነው። ሌላው ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። ኪሱ ውስጥ ያለውን በልቡ እየቆጠረ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሲደርስ ዝምተኛው "ፈተና አለብኝ" ብሎ ይቀራል፤ ወይ ደግሞ ሄዶ ሁለት ቀን ሙሉ በሰቀቀን ያሳልፋል። እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ይሉኝታ ከመኪና ታሪፍ በላይ እንደሚያስከፍል እወቁልኝ።

ባርኔጣ ውስጥ የገባው ወረቀት

በ2010 ዓ.ም. ባህር ዳር ስንማር ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከደሴ የመጣን ስድስት ጓደኛሞች ነበርን። ሦስት ሴት፣ ሦስት ወንድ። (ወሬኞች ሌላ ነገር አታስቡ፣ ጓደኛሞች ብቻ!) ደብረ ታቦርና ጋፋት ደርሰን እንመለስ ተባለ። ከመሃላችን አንዷ ልጅ ከዚያ በፊት ጢስ ዓባይ ስንሄድም፣ ጎንደር ስንሄድም "የቡድን ሥራ አለብኝ" ብላ ቀርታለች። ሁለቴ! ነገሩ የገባው አንድ ልጅ ብልሃት አመጣ። ሁላችንም ለዚህ ጉዞ ማውጣት የምንችለውን የመጨረሻውን ብር፣ ስም ሳንጽፍ በቁራጭ ወረቀት ላይ አስፍረን ባርኔጣ ውስጥ እንጨምር፤ ከወጣው ሁሉ ትንሹ ቁጥር የሁላችንም በጀት ይሁን አለ።

ወረቀቶቹ ተከፈቱ። ትልቁ ቁጥር የትንሹን አራት እጥፍ ነበር። "ኮንትራት ሚኒባስ እንያዝ" ሲል የከረመው ልጅ አቀረቀረ። "ይቺ የማን ናት?" ያለ ግን የለም። በትንሿ ቁጥር ተጓዝን፤ ልጅቷም ለመጀመሪያ ጊዜ አብራን ሄደች።

ምስጢሩን ለአንዷ ጓደኛችን የነገረቻት ከወራት በኋላ ነው። ነን ካፌ ሆና በጥሬው ከምትቀበለው የምግብ ብር ላይ እየቆረጠች ለታናሽ ወንድሟ የደብተር መግዣ ትልክ ኖሯል። ዶርሙ ግን "ኩሩ ናት፣ ከሰው አትገጥምም" እያለ ያማት ነበር።

መቶ ብሩ እንዴት ይቆረጥ?

የዛሬን ታሪፍ እዚህ ብጽፍላችሁ ነገ ተለውጦ ትሰድቡኛላችሁ። ስለዚህ በመቶኛ እንነጋገር። እያንዳንዱ ሰው ከሚያዋጣው መቶ ብር ውስጥ 40ው ለመንገድ ይሁን፤ ደርሶ መልሱም፣ የባጃጁም እዚህ ውስጥ ነው። 25ቱ ለአልጋ፤ ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ ክፍል ተጋርቶ ማደር ነውር የለውም። 20ው ለምግብ። ቀሪው 15 አይነካም፤ መኪና ቢበላሽ፣ ሰው ቢታመም ለዚያ ነው። ሳይነካ ከተመለሰ ለሚቀጥለው ጉዞ መነሻ ይሆናል።

ሦስት ነገር ደግሞ እንደ ሕግ ያዙ። አንደኛ፣ የመመለሻው ብር ገና ሳትነሱ ተነጥሎ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጥ። ቅዳሜ ማታ ጨዋታ ሲደራ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነውና። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያዡ ከመካከላችሁ ቋጣሪ የተባለው ሰው ይሁን። ቅዳሜ ታሙታላችሁ፣ እሁድ ማታ ትመርቁታላችሁ። ሦስተኛ፣ እንደ እቁብ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጣሉ። በስምንት ሳምንት የተጣለ ብር አይሰማም፤ በአንድ ቀን የተጠየቀ ግን ያማል።

መንገዱም ሽርሽር ነው

ከባህር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጎንደር መንገድ እስከ ወረታ ትሄዱና ወደ ምሥራቅ ትገነጠላላችሁ። ወረታ ያለችው ሩዝ በሚበቅልበት በፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስታቀኑ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አውራ አምባ አለ። ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። እዚያ "ይሄ የሴት፣ ይሄ የወንድ ሥራ" የሚባል ነገር የለም፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል። የሽመና ሥራቸውን ማየት ብቻውን ቁም ነገር ነው። በቡድናችሁ ውስጥ ሳህን ማጠብ የሚያፍር ወንድ ካለ፣ ወዳጆቼ፣ እዚህ ሳታወርዱት እንዳታልፉ!

ከዚያ በኋላ ዳገት ነው። ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር 2,700 አካባቢ ናት። በስተኋላዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ አለ። ብርዱ ቀልድ አያውቅም። የባህር ዳርን ሙቀት አምኖ በቲሸርት የመጣ ልጅ ማታ ጃኬት ሊገዛ ሲሮጥ በጀቱ ፈረሰ ማለት ነው። ጋቢ ያዙ፤ ጋቢ ነፃ ነው።

ጋፋት ላይ ምን አለ?

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ይገኛል። ጉልበት ያለው በእግሩ፣ የሌለው በባጃጅ ይደርሳል። እንደ ጎንደር ግንብ ያለ ነገር ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ታዝናላችሁ፤ ኮረብታና መስክ ነው። ታዲያ ለምን ይኬዳል?

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለውን መድፍ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቀጠሮ የያዝንበትም አንጠፋም። እሱ ቅጂ ነው። ዋናው ሴባስቶፖል የተሠራው በ1859 ዓ.ም. እዚህ ጋፋት ላይ ነው። ባዝል አጠገብ ካለ የሚስዮን ትምህርት ቤት ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ባለሙያ ፈረንጆች ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ እዚህ አስፍረው "መድፍ ሥሩልኝ" አሏቸው። መድፍ ሠርተው አያውቁም! ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ሆነው፣ እየሞከሩ እየከሸፈባቸው፣ በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ አወጡ። ብዙዎቹ ከአገራቸው ርቀው የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ እኛ ተማሪዎች ሆዳችን ቢባባ አይገርምም።

መድፉን መሥራት ግን ግማሹ ነው። በመስከረም መጨረሻ 1860 ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ያህል! መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ገደሉ እየተቆፈረ፣ ንጉሡ ራሳቸው መንገዱን በእጃቸው እየሠሩ። ያ ሁሉ ተለፍቶ መድፉ ለጦርነቱ አልበጀም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ንጉሡ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን አሳለፉ። ዋናው ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ነው። ጋፋት ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ የተደረደረውን ተራራ ስታዩ ትልቁ ወጪ ዕቃው ሳይሆን መንገዱ እንደነበር ይገባችኋል።

እኛ እዚያ መስክ ላይ ከከተማ ይዘነው የሄድነውን ዳቦና ቅቅል ድንች አውጥተን በላን። የአንድ ሰው ምሳ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም ነበር። ያቺ ልጅ ስለ ሴባስቶፖል የምታውቀውን ስታወራን አመሸች፤ ለካስ ታሪክ በጣም ትወዳለች! ሁለቴ ባትቀር ኖሮ ቀደም ብለን እናውቅ ነበር።

ሳይነሱ መጠየቅ

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገዶች የተዘጉባቸው፣ ተጓዥ የተንገላታባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከብሩ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ "መንገዱ ሰላም ነው ወይ?" የሚለው ነው። በዚያው ሳምንት መንገዱን የተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ፤ እዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም የክፍል ጓደኛ ካላችሁ ደውሉ። "አሁን አይሆንም" ካሏችሁ ቅሩ። ጋፋት የትም አይሄድም። ስትሄዱም በቀን ተጓዙ፣ መታወቂያ ያዙ፣ የት እንዳላችሁ ለቤተሰብ ንገሩ።

እቁቡን ግን መንገድ እስኪከፈት አታቆዩት፤ ከዚህ ሳምንት ጀምሩት። የምትማሩት ሐዋሳም ይሁን ጅማ፣ ወይም ባሕር ተሻግራችሁ ፈረንጅ አገር፣ ባርኔጣዋ እዚያም ትሠራለች። ወረቀቱን አጥፋችሁ ጨምሩ፤ ትንሿ ቁጥር ስትወጣ ደግሞ የማን እንደሆነች አትጠይቁ።

መልካም ሰንበት!