የወንዛችን እንግዶች

ቡልቡላ ያደገ ሰው ወንዙን የሚያውቀው በጀሪካን ነው። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ በደጃችን እንደሚያልፍ አውቅ ነበር፤ የት እንደሚገባ ግን ጠይቄ አላውቅም። የነገሩኝ አንድ ከብት ጠባቂ ሽማግሌ ናቸው። «ከእኛ የተረፈውን አቢያታ ያሉት ቀያይ ወፎች ይጠጡታል» አሉኝ። ተረት መስሎኝ ሳቅሁ።

መሳቄ አይፈረድብኝም። ፍላሚንጎ የሚውለው ሰው አፉ በማያስገባው የሶዳ ውሃ ውስጥ ነው። ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ምንቃሩን ይነክራል፤ ምላሱ ውሃውን ሲያስገባና ሲያስወጣ የምንቃሩ ዳር እንደ ወንፊት ምግቡን ያስቀራል። ታናሹ ፍላሚንጎ በዓይን የማይታይ አልጌ ይመገባል፤ ታላቁ ከጭቃው ጥቃቅን ነፍሳትንም ይለቅማል። ያ ሁሉ ውበት ከምግብ የመጣ ቀለም ነው፤ ጫጩቱማ ሲፈለፈል ግራጫ ነው። ለመጠጣትና ጨውን ከላባው ለማጠብ ግን ጨው ያልበዛበት ውሃ ይሻል፤ ወንዝ ወይም ምንጭ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ቦታ ይሰበሰባል። ሽማግሌው ልክ ነበሩ።

የምሥራቅ አፍሪካ ታናናሽ ፍላሚንጎዎች በአብዛኛው የሚፈለፈሉት እዚህ ሳይሆን በታንዛኒያው ናትሮን ሐይቅ ነው። ይህን በ1954 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ሌስሊ ብራውን ጎጆዎቹ ዘንድ በእግሩ ሊደርስ ሲሞክር ሶዳው እግሩን አቃጥሎት ለጥቂት ከሞት ተርፏል። ይኸው ሰው ኋላ ከኤሚል ኧርባን ጋር የሻላን ፔሊካኖች አጠና። ፔሊካኖቹ በሻላ ደሴት ጫጩት ይፈለፍሉ፣ ዓሣውን ግን ተሻግረው ከአቢያታ ያመጡ ነበር።

ያ ዓሣ አልቋል። ከዝዋይና ከወንዙ ለመስኖ፣ ከራሱ ከአቢያታም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ሲሳብ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውም በረታ። «ጨውማ ለፍላሚንጎ ይስማማዋል» የሚሉ አሉ። እስከተወሰነ ድረስ እውነት ነው። ወንዙ ሐይቁ ዘንድ መድረስ ሲያቅተው ግን የት ይጠጣ?

ይህን የምጽፈው እጄን ታጥቤ አይደለም። እኔን ያስተማረኝ የአባቴ የውሃ ሞተር ነው፤ ደብተሬ የተገዛው በቲማቲም ነው። ባለፈው በጋ ቤት ሄጄ ይህን ሁሉ ለታናሽ ወንድሜ ተረክሁለት። በዝምታ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣

«እና ጋሼ፣ ሞተሩን ላጥፋው?» አለኝ።

ሽንኩርቱ ለመድረስ ስንት ሳምንት እንደቀረው ጠየቅሁት። ሦስት አለኝ።