እንሽጥ ወይስ እንቆይ?

በአሜሪካ አገር በአንድ ቤት አብረን የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። ስለ አክሲዮናችን እስከ ዛሬ ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላልንም። አሁን የምንጽፈው፣ ሌሊት ስልኩን ከፍቶ ዋጋ እየተመለከተ እንደ እኛ የሚተክዝ ሌላ ተማሪ በዚህ ማኅበር ውስጥ እንደማይጠፋ ስለምናምን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመጪው የትምህርት ዓመት ሰፋ ያለ ቤት ለመከራየት አስበን፣ ለማስያዣና ለመጀመሪያው ወር ኪራይ የሚሆን 2,400 ዶላር አዋጣን። የሚከፈለው ኦገስት 1 ቀን ነበር። ገንዘቡ እስከዚያ ድረስ ሥራ ፈትቶ በባንክ ከሚተኛ ቢሠራበት ይሻላል የሚለውን አሳብ ያቀረበው ገንዘብ ያዣችን ሲሆን፣ እኛም አንድም ተቃውሞ ሳናሰማ ተስማማን። በዲሴምበር፣ ስሙን ለመጥራት የማንፈልገውን የአንድ ቴክኖሎጂ ኩባንያ አክሲዮን በ40 ዶላር ሒሳብ 60 ገዛን። በዚያ ወራት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማያወራ ሰው አልነበረምና ራሳችንን እንደ አዋቂ ቈጠርን። ገንዘብ ያዣችን ስለ ኩባንያው የጻፈልንን ሦስት ገጽ ማስታወሻ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው።

ዋጋው 43 የገባ ዕለት ዶሮ ሠርተን በላን። በፌብሩዋሪ ኩባንያው የሩብ ዓመት ሒሳቡን አስታወቀ፤ ያለፈው ሩብ መልካም ሳለ የሚመጣው ገቢ ከተጠበቀው ያነሰ ይሆናል አለ። በማግሥቱ 27 ሆነ። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ እስከ 17 ወረደ። 2,400 ዶላራችን 1,020 ሆነ ማለት ነው። ከ40 ወደ 17 ለመውረድ የበቃው ከመቶ 57 ነው፤ ከ17 ወደ 40 ለመመለስ ግን ከመቶ 135 መውጣት ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ የሠራነው ዘግይተን ነው።

ከእራት በኋላ ክርክር ሆነ። አንደኛው ሜታን ያነሣል፦ በ2022 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በአንድ ቀን ከመቶ 26 ወደቀ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ከ90 ዶላር በታች ወረደ፣ በ2024 መጀመሪያ ግን ከቀድሞው ከፍተኛ ዋጋው አለፈ። ሌላው በሲስኮ ይመልሳል፦ ማርች 2000 ላይ 80 ዶላር የነበረው በ2002 ወደ 8 ዶላር ገደማ ወረደ፤ ያንን 80 መልሶ ያየው በ2025 መጨረሻ ነው። ሲስኮ እኮ አልከሰረም፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ሲሠራና ሲያተርፍ ኖሯል። ፔትስ ዶት ኮም ደግሞ በ2000 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጦ ዓመቱ ሳያልቅ ተዘጋ። ምሳሌ ለማንም ወገን አይጠፋም፤ ስለዚህም ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም።

ሼፍሪንና ስታትማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1985 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰው ያተረፈበትን አክሲዮን ቶሎ ይሸጣል፣ የከሰረበትን ግን ጸጸቱን ላለመቅመስ ይዞት ይቈያል ብለዋል። እውነት ነው። ነገር ግን የእኛ በሽታ ከዚህ ትንሽ ይለያል ብለን እንገምታለን። እኛን የያዘን ይሉኝታ ነው። «እንሽጥ» ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ገንዘብ ያዣችንን «አንተ አከሰርኸን» ማለት መሰለን። እሱም በበኩሉ «ጠብቁ» የሚለው ተስፋ ኖሮት ሳይሆን፣ ከሸጥን ጥፋቱ በመዝገብ እንዳይጻፍበት ፈርቶ ነበር። ስለ ኩባንያው የምናውቀው ከዲሴምበር ወዲህ አንዲት አልጨመረም። አራት ሰዎች የአንድ ሰው ፊት እንዳይጠቍር ስንል ከ27 እስከ 17 ዝም ብለን ተቀመጥን።

በጁን መጨረሻ ከሁላችንም በዕድሜ የሚያንሰው ጓደኛችን ሳህን እያጠበ፣ «ዛሬ 1,020 ዶላር ጥሬ ገንዘብ በእጃችን ቢሆን፣ ኪራዩም ከአምስት ሳምንት በኋላ የሚከፈል ቢሆን፣ ይህንኑ አክሲዮን እንገዛበት ነበርን?» አለ። መልስ የሰጠ የለም። ያ አክሲዮን አንድ ቀን 100 ዶላር ይገባ ይሆናል፤ አከራያችን ግን ያንን ቀን አይጠብቁንም።

በማግሥቱ ጧት ሁላችንም ባለንበት ገንዘብ ያዣችን ራሱ ሸጠው። ገንዘቡ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ገባ። የጎደለውን 1,380 ብቻውን እንዲከፍል አጥብቆ ለመነ፤ እኛም ሲገዛ አጨብጭበናልና እንቢ አልነው። እያንዳንዳችን 345 አዋጣን፤ ሁለታችን ለዚህ ስንል የቤተ መጻሕፍቱን የሌሊት ሥራ ያዝን።

ሦስቱ ገጽ ማስታወሻም ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ዋጋውን ላለማየት ተማምለናል። ሆኖም መሓላውን የሚያፈርስ አንድ ሰው በመካከላችን አለ፤ ባለፈው ሳምንት 19 መሆኑን የሰማነው ከእሱ ነው።