ምረቃና ምርቃት

ሰኔ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አዲስ አበባ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር በሚተዳደር መዋዕለ ሕፃናት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ የድምፅ ማጉያው ከማለዳ ጀምሮ ሰፈሩን ያናውጣል። የስድስት ዓመት ልጆች ጥቁር ገዋን ለብሰው፣ ቆቡ ዓይናቸው ላይ እየወረደባቸው ተሰልፈው ይገባሉ። ወላጅ ሁሉ ስልኩን አንስቷል። ለገዋን ኪራይ፣ ለፎቶና ለኬክ በተጠየቀው መዋጮ ሲያጉረመርሙ የከረሙ አባቶችም ለጊዜው ረስተውታል።

መድረክ መሪው "አሁን የክፍል መምህርቷ አጭር የስንብት መልእክት ታስተላልፍልናለች" ብሎ ማይኩን ሰጣት። የተያዘላት 5 ደቂቃ ነበር።

ወረቀት አልያዘችም። "ልጆቻችሁን ከእኔ በላይ ታውቋቸዋላችሁ። ግን ጠዋት በር ላይ ካስረከባችሁኝ በኋላ ያለውን ልጅ ያየሁት እኔ ነኝና ልንገራችሁ" ብላ ጀመረች። ከዚያ 28ቱንም በስማቸው እየጠራች፣ ስለ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ነገር ተናገረች። አንዱ መስከረም ላይ የእናቱን ነጠላ ካልያዘ አይቀመጥም ነበር፤ ኅዳር ላይ ያንኑ ነጠላ ለሚያለቅስ ጓደኛው አዋሰው። አንዷ እስከ ገና ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ መጀመሪያ ያናገረችውም የዘበኛውን ድመት ነው። አንዱ ደግሞ "ጸ" እና "ፀ" አንድ ዓይነት ከተባሉ ለምን ሁለት ሆኑ ብሎ ጠይቋት እስካሁን መልስ አላገኘችለትም። ድንኳኑ ሳቀ። 5 ደቂቃው አልፎ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ከወንበሩ የተነሳ ሰው ግን አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "በሚመጣው መስከረም እዚህ አታገኙኝም" አለች። ምክንያቱን በማይክ አልተናገረችም። ከ9 ዓመት በኋላ ደሞዟ ከቤት ኪራይና ከታክሲ አልተርፍ ብሏት፣ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ልትቀጠር እንደሆነ ቀድመው የሰሙ እናቶች እርስ በርስ ተያዩ።

አማርኛ "መረቀ" የሚለውን ቃል በሦስት ቦታ ይጠቀምበታል። ሽማግሌ ሲባርክ ይመርቃል። ትምህርት የጨረሰ ይመረቃል። ገበያ ላይ ደግሞ ገዢ ሽንኩርት አስመዝኖ ከከፈለ በኋላ "መርቂልኝ" ይላል፤ ሻጯም ከሚዛኑ በላይ አንድ ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግለታለች። በዚያ ቅዳሜ ሦስቱም አንድ ድንኳን ውስጥ ተገናኝተው ነበር። ልጆቹ ተመረቁ። መምህርቷ መረቀቻቸው። የዓመቱ ሥራዋ ሲታይ ደግሞ አብዛኛው ከሚዛኑ በላይ የተጨመረ ነበር።

ለምሳሌ የምሳ ዕቃው ጉዳይ። በክፍሉ ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ሙስሊምም ልጆች አሉ። የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ የማይቀላቀልበት አገር ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾምበት ቤትም አለ። ሕፃን ግን ጓደኛው አፍ ውስጥ ማጉረስ ይወዳል። ሌላ ሰው ቢሆን ልጆቹን በሃይማኖት ለይቶ ያስቀምጣቸው ነበር። እሷ አልለየቻቸውም። "ሥጋና ወጥ እያንዳንዱ ከራሱ ምሳ ዕቃ ይበላል፤ የምንጎራረሰው ዳቦና ፍራፍሬ ነው" የሚል ደንብ አወጣች። ዳቦ ያልያዘ ልጅ እንዳያፍርም ከራሷ ቦርሳ ዳቦ አይጠፋም ነበር። ይህ በቅጥር ውሏ ላይ የለም።

ጸሎትም እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ቀኑ በጸሎት ይጀመራል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንዲት ሙስሊም እናት በኮሙኒኬሽን ቡክ "ልጄ ምን እየተባለች ነው የምትማረው?" ብላ ጻፈች። መምህርቷ መልሱን በደብተር አልጻፈችም፤ ማታ በር ላይ ጠብቃ አነጋገረቻት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ በጸሎት ሰዓት ዝም ብላ መቆም ትችላለች ተባለ፤ ማንም እጇን አላያያዘባትም። በስንብቱ ዕለትም መምህርቷ ይህንኑ በግልጽ ተናገረች፦ "እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት በየስማቸው ጸልዬላቸዋለሁ። እናንተም በየቤታችሁ እንደየእምነታችሁ ጸልዩላቸው።"

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት ይሰጣቸዋል። በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ስለ አለባበስና ስለ ጸሎት ውዝግብ በተነሳ ቁጥር ሁለቱ አንቀጾች ይጠቀሳሉ፤ ሰውም ጎራ ለይቶ ይሰዳደባል። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን አንዲት ሴት እምነቷን ሳትደብቅ፣ የሌላውንም ሳትነካ 28 ልጅ አሳድጋለች። መምህርን የሚተካ አንቀጽ የለም። እንዲህ ያለውን መምህር ማቆየት ካልተቻለ፣ ሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ድሮ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተሰቡ ደግሶ የኔታን ያከብር ነበር። ቁርአን ያኸተመ ልጅም ቤት ዱዓ ተደርጎ አስተማሪው ይከበራል። የበዓሉ ባለቤት ልጁና መምህሩ ነበሩ። ዛሬ ገዋኑ፣ ኬኩና ፎቶ አንሺው ተጨምረዋል፤ መምህሩ ግን በፕሮግራሙ ላይ 5 ደቂቃ ተይዞለታል።

እውነት ነው፣ ትምህርት ቤቱም ወጪ አለበት፤ ወላጅም ኑሮ ከብዶታል። በዚያ ዓመት በክፍያ ጭማሪ ላይ ሁለት ስብሰባ ተደርጎ ብዙ ተጮኋል። ይሁን እንጂ ከጭማሪው ስንቱ ለመምህራን ይደርሳል ብሎ የጠየቀ አንድም ወላጅ አልነበረም። አስተዳደሩም ሳይጠየቅ አልተናገረም። ከዚያ ስብሰባ የወጡት ወላጆች ናቸው አሁን መምህርቷ ስትሄድ ዓይናቸውን የሚጠርጉት።

መምህርቷ ልጆቹን "እደጉ፣ ተመንደጉ፤ ሰው ሲያለቅስ አይታችሁ የማታልፉ ያድርጋችሁ" ብላ መርቃ ማይኩን ልትመልስ ስትል፣ ከኋላ ረድፍ የዚያች ሙስሊም ልጅ አያት ተነሱ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ "ቆይ ልጄ፣ አንቺንስ ማን ይመርቅሽ?" አሉ። "አላህ ልፋትሽን አይርሳብሽ። እነዚህ ልጆች ለወግ ለማዕረግ በቅተው ለማየት ያብቃሽ።"

"አሜን" እና "አሚን" አንድ ላይ ተሰማ። ከሁሉ በላይ የጮኹት ልጆቹ ነበሩ።

ከዚያ ሙዚቃው ተከፈተ፤ ኬኩ ተቆረሰ። መስከረም ላይ ለዚያ ክፍል አዲስ መምህር ይፈለጋል። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ደሞዙ "በስምምነት" ይላል።