የጎመን ነጋዴው፣ ሻይ ወዳዱ ሽማግሌ እና የልጅ ልጄ

“ካርቱን ለአያት ምን ይፈይዳል?” ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲያው እል ነበር። ጠዳ ውስጥ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ፤ ልጅ ቴሌቪዥን ላይ ሲያፈጥ ካየሁ እጄ ወደ ማጥፊያው ነው የሚሄደው።

የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እናቱ ቤይሩት ስትሄድ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ልጄ ተመለሰች። እኔ በር ላይ እልል ስል እሱ ወደ ጓሮ ሸሸ። ከዚያ ወዲያ “እማማ፣ እሷ ትጠራሻለች” ይለኛል እንጂ እናቴ ብሎ አያውቅም። ያመጣችለት ጫማ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ተቀመጠ።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከጎንደር ሲመጣ “አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር” የሚባል ተከታታይ ካርቱን በፍላሽ ገልብጦ አመጣለት። ሰማያዊ ሰዎች ካሉበት የሲኒማ ፊልም ጋር ስሙ እንጂ ታሪኩ አይገናኝም። አሜሪካ ውስጥ ከ2005 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የታየ ሲሆን በሦስት ምዕራፍ 61 ክፍሎች አሉት። ውኃን፣ መሬትን፣ እሳትንና አየርን በእጃቸው የሚያዝዙ ሰዎች ያሉበት ዓለም ነው። የእሳት አገር ሌሎቹን ከወረረ መቶ ዓመት ሆኖታል። ጦርነቱን ያስቆማል ተብሎ የሚጠበቀው ደግሞ አንግ የሚባል፣ ከጦርነት ይልቅ ጨዋታ የሚወድ የ12 ዓመት ልጅ ነው።

ነገሩ ከባድ ቢሆንም ያስቃል። ሶካ የሚባለው ልጅ ራሱን ጀግና ጦረኛ ያደርግና ሆዱ ያሳፍረዋል። ቶፍ ዓይነ ስውር ናት፤ መሬቱን በባዶ እግሯ እየዳሰሰች ከሚያዩት የበለጠ ታያለች፤ የሚያዝንላትን ሰው ግን አትወድም። እኔን የገደለኝ የጥቅል ጎመን ነጋዴው ነው። ልጆቹ በሄዱበት ከተማ ሁሉ ይገኛል፤ ጠብ በተነሳ ቁጥር የሚገለበጠው የእሱ ጋሪ ነው። “ጎመኔን!” እያለ ሲጮህ ቅዳሜ ገበያ የማውቃቸው ነጋዴዎች ትዝ እያሉኝ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። ሳቄን ሰምታ ልጄ ከማድቤት መጣችና በር ላይ ቆመች። በሦስተኛው ቀን ተቀመጠች። ሦስታችንን አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠን ያ ጎመን ነው።

ለወላጅና ለአያት ግን ዋናው ሰው አይሮ ነው። አይሮ ሻይና ቀልድ የሚወድ ቦርጫም ሽማግሌ ነው። ድሮ ስመ ጥር የጦር መሪ ነበር፤ ከተማ ከብቦ ሲዋጋ አንድ ልጁ ሞተበትና ጦርነቱን ተወው። አሁን የወንድሙን ልጅ ዙኮን ተከትሎ ይንከራተታል። ዙኮ በገዛ አባቱ እሳት ፊቱ የተቃጠለ፣ በ13 ዓመቱ ከአገር የተባረረ ቁጡ ልዑል ነው። ልጁ ይጮኽበታል፤ እሱ ሻይ ያፈላለታል። በኋላ ልጁ ይከዳዋል፤ ሽማግሌው ይታሰራል።

አንዷን ብቻ ልንገራችሁ። መጨረሻው አካባቢ ዙኮ ተጸጽቶ ይመጣል። አጎቱ ተኝቷል። እስኪነጋ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሽማግሌው ሲነሳ ልጁ እያለቀሰ ይቅርታ መለመን ይጀምራል፤ አጎቱ ግን ንግግሩን ሳይጨርስ ስቦ ያቅፈዋል።

የልጅ ልጄ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ “አልተቆጣውም እንዴ?” አለ።

“ለምን ይቆጣዋል? ሲጠብቀው ነው የኖረው” አለች ልጄ።

ዝም አለ። ቆየት ብሎ፣ “በስልክ አላናግርም ስልሽስ አልተቆጣሽም?”

“አልቅሻለሁ። ተቆጥቼ ግን አላውቅም።”

እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጁ ያኮረፈ ነበር የመሰለኝ። ለካ እናቴ ተቀይማኛለች ብሎ ፈርቶ ኖሯል። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር የሰው ልጅ አውቃለሁ ብዬ፣ የቤቴን ልጅ ፍርሃት አላየሁም። ያን ማታ “እማ” አላላትም። በማግስቱ ግን ወደ ማድቤት ጮኾ፣ “ነይ እንጂ፣ ሊጀምር ነው!” አላት።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ የጦርነቱ ነገር ይከብዳል፤ ደም ባይታይበትም የጠፋ ሕዝብና የሞተ ወላጅ አለበት። ለትንንሾቹ “ፀሐይ መማር ትወዳለች” ይሻላል፤ ከፍ ላሉት ሴት ልጆች ደግሞ የእኛው “ጥበብ ገርልስ” አለ፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ጎጂ ልማዶችን የሚታገሉበት ነው። አቫታር ውስጥ ሰው ሞቶ ዳግም ይወለዳል ይባላል፤ እኔ “ይህ ተረት ነው፣ እንደሚናገረው አንበሳ ቁጠረው” ብዬ የእምነታችንን አስረዳሁት። አንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ በቀን ሁለት ይበቃል። እንግሊዝኛው ለእናንተ ቢከብድ ልጁ ይተርጉምላችሁ፤ የኔው እንዲያ እያደረገ ነው ደፋር የሆነው።

ብቻ ልጁን ከቴሌቪዥኑ ጋር ትታችሁት አትሂዱ። አጠገቡ ተቀመጡ። ያቺ ጥያቄ ስትመጣ የሚመልስ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር።