ራስ ቢገለበጥ

የእንግሊዝ ጋዜጦች የሚያወጡት ስውር ፍንጭ ያለው መስቀለኛ ቃላት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንደ ሰምና ወርቅ ነው። ላይ ላዩን አንድ ነገር ይላል፤ መልሱ ግን ቃሉ ውስጥ ተደብቋል።

ጡረታ የወጣው አባቴ ለስምንት ዓመቷ ልጄ በአማርኛ ያዘጋጅላታል። ትምህርቷ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛ ማንበብ ይሰለቻት ነበር።

«ከላም ፊት ‹ሰ› ብትቆም አገር ያርፋል፤ ሦስት ፊደል።»

«ሰላም!» ወዲያው አገኘችው።

ቀጣዩ ግን አከራከረ፦ «ራስ ቢገለበጥ እንጀራ ያበላል፤ ሁለት ፊደል።»

ልጄ እርሳሷን አስቀመጠች። «ሥራ ነው። ግን አባባ፣ ሥራ በንጉሡ ‹ሠ› ነው ብለኸኝ አልነበር? ራስ እኮ በእሳቱ ‹ሰ› ነው!»

አባቴ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። «ዛሬስ አገር የምሰጠው እኔ ነኝ!»

እናንተም ሞክሩት፤ ወጪው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። በአንድ ሳጥን የሚገባው አንድ ሙሉ ፊደል ስለሆነ፣ ቃላት ሲቋረጡ ‹ለ› ከ‹ላ› አይገጥምም። ስለዚህ በሁለትና በሦስት ፊደል ቃላት ጀምሩ። ልጆቹ ካቃታቸው እንደ እንቆቅልሹ «አገር ስጡኝ» በሏቸው። ከተከራከሯችሁ ደግሞ አታቋርጧቸው።